ከወይራው ሥር የሚሰማው ሰው

ታዘበው ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለጆሮው ብሎ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው፣ ክፈፉ ሰፊ የሆነ አረንጓዴ ባርኔጣ ነው፤ ጆሮው ላይ ወርዶ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ ያፍንበታል። ስለዚህ ከታችኛው ሚካኤል አጥር ጥግ፣ ከወይራው ሥር ሲደርስ ያወልቀውና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ዓይኑንም ይጨፍናል፤ ሳያይ ሲሰማ ዜማው ይጠራለታል። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

በዚያ የሚያልፈው የብቸና ሰው ግን ያየው ሌላ ነበር። ራሱን ገልጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ውስጥ ልገባ አልበቃሁም ብሎ ከደጅ የቀረ ትሑት ሰው አየ።

ታዘበው ተወልዶ ያደገው ሞጣ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ በየበዓሉ እጁን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይወስዱት ነበር። ያኔ ያምን ነበር፤ ወይም ያምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር። በኋላ ደብረ ዘይት ሄዶ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሲማር እምነቱ ጠፋች። ተከራክሮ፣ ተቆጥቶ አልጣላትም። የኮቱ ቁልፍ መንገድ ላይ እንደወደቀበት ሰው ሆነ፤ አንድ ቀን እጁን ሲሰድ ቦታው ላይ ክር ብቻ አገኘ። የት እንደወደቀች ተመልሶ ለመፈለግም ልቡ አልተነሣም።

ጆሮው ግን አብሮት ቀረ።

በ1989 ዓ.ም. ብቸና ተመደበ። የመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ላይ፣ ገጠር ወርዶ የአባ ሰንጋ ክትባት ሲሰጥ ውሎ አድሮ፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ በእበትና በክሬኦሊን መድኃኒት ሽታ ተጠምቆ በረፋዱ ወደ ከተማ ሲመለስ ነበር ዜማውን ከታችኛው ሚካኤል የሰማው። በጾሙ ወራት ከበሮ አይመታም፤ ጸናጽልም አይሰማም። የቀረው የወንዶች ጉሮሮና መቋሚያ ብቻ ነው። አንዲት ቃል ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ረድፍ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስትመላለስ፣ እየተዘረጋች፣ እየቀጠነች፣ ጥላው ከአንድ ድንጋይ ወደ ሌላ ድንጋይ እስኪሻገር አታልቅም። መቋሚያዎቹ ዝቅ ብለው መሬቱን ሲነኩ ምድር ራሷ ከሥር የምትቀበላቸው ይመስላል። ታዘበው የበረዶ ሣጥኑን አስቀመጠ። ክትባቱ በፀሐይ እየሞቀ መሆኑን ረሳ። ፊቱን ሲዳስስ እርጥብ ነበር።

ያን ቀን ልግባ ቢልም በዚያ ልብስ አይገባም ነበር። በማግስቱ ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ መጣ፤ ግን ደጃፉ ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። ውስጥ ያለው ሰው የገባው ሊጸልይ ነው። ሳይጸልዩ ከመካከላቸው መቆም መዋሸት መሰለው። ተመልሶ ወይራው ሥር ቆመ። ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ጾም እዚያው ቆመ። ላለመዋሸት ብሎ የመረጠው ቦታ ከውሸት ሁሉ የባሰው ውሸት እያደገበት መሆኑን ሲያውቅ ጊዜው አልፎ ነበር።

ከተማው የጎደለውን ሁሉ ሞላለት። በጾሙ ወራት ሽሮና ምስር ብቻ ይበላል ተባለለት፤ የሚመገብበት የካሰች ምግብ ቤት በጾም ሌላ አይሠራም እንጂ ቢሠራ ኖሮ በበላ ነበር። ሥጋ ወደሙ የማይቀበለው ራሱን ስለሚንቅ ነው ተባለ። የዜማው መምህር መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ አንድ ቀን ተማሪዎቻቸውን ሲገሥጹ ድምፃቸው አጥሩን ተሻግሮ ወይራው ሥር ደረሰ።

«ጥቂት ዜማ የለቀመ ሁሉ ከፊት መቆም ያምረዋል። ያን የከብት ሐኪም እዩት። ስንት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ከበሩ አልፎ ያውቃል?»

የታዘበው ጆሮ ግንድ ጋለ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ደስ አለው። ኀፍረቱና ደስታው አንድ ላይ መጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ተለያይተው አያውቁም።

በ2000 ዓ.ም. የካቲት ካሰች ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ የኔሰው ግንበኛ ነው፤ ሥራ ባለበት ሁሉ እየሄደ ይሰነብታል። ካሰች ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ወልዳ ነበር፤ ሁለቱም አርባ ቀን ሳይሞላቸው፣ ክርስትና ሳይነሡ ሞቱባት። ታዘበው ሊጠይቃት ቤቷ የሄደ ዕለት ሕፃኑን አቅፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። እምቢ አይበሉኝ።»

«ምን ልታዘዝ?»

«ሁለቱን ያለ ክርስትና ነው የቀበርኳቸው። ሳለቅስ እንኳ የምጠራው ስም የላቸውም። ይኼኛው አርባ ቀኑ ላይ ከደረሰልኝ የክርስትና አባቱ እንዲያው የተገኘ ሰው እንዳይሆን ነው።»

«ካሰች፣ እኔ እኮ…»

«አልበቃም ሊሉኝ ነው። አውቃለሁ። እሱን ብዬ ነው የለመንኩዎት።»

ሕፃኑ አፉን ከፍቶ እያዛጋ ነበር፤ ምላሱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ታዘበው ያን እያየ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ካሰች «ዶክተር» ማለቷን ተወች። «አበልጄ» አለችው። የሕፃን ወላጆችና የክርስትና አባት ከጥምቀቱ በኋላ የሚጠራሩበት ስም ነው፤ እሷ ግን ቸኮለች። «አበልጄ፣ ሽሮው በረደ?» «አበልጄ፣ ዛሬ ሳቀልኝ።» ተመጋቢው ሁሉ ይሰማል። ታዘበው በተጠራ ቁጥር ዓይኑን ከሳህኑ አያነሣም።

የክርስትና አባት ምን እንደሚል ያውቅ ነበር። ሕፃኑ አይናገርም፤ ስለዚህ ያቀፈው ሰው በእሱ ፈንታ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰይጣንን እክዳለሁ ይላል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ደግሞ አምናለሁ ይላል። ወይራው ሥር መቆም ዝምታ ነበር፤ ሰው በዝምታው ላይ የፈለገውን ቢጽፍ የጻፈው ሰው ነው ብሎ ራሱን ሲያጽናና ኖሯል። ይኼ ግን በገዛ አፉ፣ በሌላ ሰው ነፍስ ስም የሚነገር ነው።

በመሥሪያ ቤቱ እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ ጸሐፊዋ ሳባ። ከነቀምቴ ተመድባ የመጣች ጴንጤ ናት። በመጣች በሳምንቷ ስለ ጌታ ልትነግረው ስትጀምር፣ «እኅቴ፣ አትድከሚ፤ እኔ በማንም አላምንም፤ መዝሙርሽን ግን ስትተይቢ ዘምሪው» ብሏት ነበር። ትዘምራለች፤ እሱም በሩን ከፍቶ ይሰማል። አሁን ጉዳዩን ሲነግራት ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች።

«ለእኔ በሳምንቴ ነገርከኝ። ለእነሱ አስራ አንድ ዓመት አልበቃህም?»

«አንቺ ምን ትይኛለሽ ብዬ ልፍራ?»

«እነሱስ ምን ይሉሃል ብለህ ነው?»

ታዘበው ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት ያስተካክል ጀመር።

«ልንገርህ? እኔ አላከብርህም ነበራ። እነሱ ያከብሩሃል።»

«ነገር አታክርሪ።»

«ሄደህ ንገራቸው። ካልነገርክ ደግሞ የት ሄደ ብለው ቢጠይቁኝ አልዋሽልህም፤ ከአሁኑ እወቀው።»

ጥምቀቱ ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ወደ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ሄደ። መሪጌታ በጾሙ ምክንያት ያረፈውን ከበሮ ጭናቸው ላይ አጋድመው ጠፍሩን ያጠብቁ ነበር። ገና ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ና፣ ና ተቀመጥ። ሙያህ ነው፤ ይኼ ቆዳ ለምን እንዲህ ይሰነጠቃል?»

«ደርቆ ነው፣ የኔታ። ቅቤ ቢጤ ይፈልጋል።»

«ከፋሲካ በኋላ ይቀባላ። እሱም ይጹም።» ሳቁ። «ካሰች ነገረችኝ። ደግ አደረግህ።»

«ለእሱ ነው የመጣሁት፣ የኔታ። እኔ… እኔ አላምንም።»

መሪጌታ ጠፍሩን ለቀቁት። ከበሮውን ከጭናቸው አውርደው አጠገባቸው አኖሩት። ታዘበው ዕድሜ ልኩን የፈራው ነገር እንዲህ ቀላል ነበር ወይ ብሎ መገረም ሲጀምር፣ ሽማግሌው በቀስታ ተናገሩ።

«እኔስ አምናለሁ? ስድሳ ዓመት ቆሜ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል እምነት አለችኝ? የለችኝም። አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ነበር የምፈራው።» እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። «ሂድ፤ ሕፃኑን አቅፈህ ቁም።»

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀረው ነበር። «የኔታ፣ እኔ የምለው እንደዚያ አይደለም፤ የሚሰማችሁ አለ ብዬ አላስብም» ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ የሽማግሌ እጅ ጉልበቱ ላይ ሞቆ ነበር፤ ዓይናቸውም በፍቅር ያየዋል፤ ሙቀቱ እንዲነሣበት አልፈለገም። ቃሉን ዋጠው። እጃቸውን ስሞ ወጣ። መንገድ ላይ ሲሄድ ከዋሸው ይልቅ ግማሽ እውነት ተናግሮ የተመሰገነበት የበለጠ አቃጠለው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ሄዶ የሞጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ለማንም አልተናገረም። ጥምቀቱ በጾሙ ሥርዓት ከቀትር በኋላ፣ ከቅዳሴው በፊት ነው። ሚኒባሱ በኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ፣ ጉንደ ወይን ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ ታዘበው ምክንያቱን በልቡ ይደረድር ነበር። ክትባት አልቆ ነው። ወረርሽኝ ተነሥቶ ነው። አክስቴ ታማ ነው። ሁሉም ይታመኑለታል፤ እሱ የሚለውን ሁሉ ሰው ያምነዋል። ይኼ ሐሳብ ራሱ አሳፈረው።

ሞጣ ሲደርስ አክስቱ ቤት አልሄደም። ዕለቱ መውሊድ ነበር። ከመስጊዱ ወዲህ ካለ ግቢ የመንዙማ ድምፅ ይመጣል፤ ድቤው ከሥር፣ ጭብጨባው ከላይ፣ በመካከሉ የአንድ ሽማግሌ ሻካራ ድምፅ እየወጣ፣ ሕዝቡ እየተቀበለው። ልጅ ሳለ አባቱ እጁን እየጎተቱ በፍጥነት ያሳልፉት የነበረበት መንገድ ነው። አሁን የሚጎትተው አልነበረም። በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በር ላይ ቆመ፤ ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ።

ልብስ ሰፊው ከላይ እስከ ታች አየው። «ከእኛ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ክርስቲያን ነህ?»

«እሱንም አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ?»

«ዜማው ደስ ብሎኝ ነው።»

ሰውዬው ሳቀና አንዲት መቀመጫ ዱካ በእግሩ ገፋለት። «እንግዲያው ተቀመጥ። ደስ ለሚለው ሰው መቆም ምን ያደርግለታል?»

ታዘበው ተቀመጠ። ሰማ። ማንም ትሑት ነው አላለውም፤ ማንም ልጁን አላስታቀፈውም። ዜማው እንደ ዝናብ ለሁሉም የሚዘንብ ነበር፤ እሱም እንደማንኛውም መንገደኛ በሱ ረጠበ። ምን ያህል ቀላል ነው ብሎ ሊገረም ሲል ዓይኑ ልብስ ሰፊው ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ተጋጨ። ስድስት ሰዓት ተኩል ይላል። ካሰች አሁን ነጭ ለብሳ፣ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ወይራው ሥር ቆማ ይሆናል። ውስጥ አትፈልገውም፤ የሚገኝበትን ቦታ ታውቃለች። እዚያ ነው የምትጠብቀው።

ለማያውቀው ሰው በሁለት ቃል የተናገረውን እውነት ለእሷ አስራ አንድ ዓመት ከልክሏታል። ተነሣ። ወደ ብቸና የሚመለስ፣ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ለምኖ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። እንደማይደርስ ያውቅ ነበር። ምክንያቶቹን ግን ጉንደ ወይን ሳይደርስ አንድ በአንድ ጥሎ ጨረሰ።

ወደ አስራ አንድ ሰዓት ግድም ካሰች ቤት ደረሰ። ግቢው ውስጥ ሰው ነበር፤ ጠላ ይጠጣል። ከመካከላቸው የደብሩ ዘበኛ ወልደ ሰንበት ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ አንገቱ ላይ አዲስ ነጠላ ጣል አድርጓል። ሳምንቱን ሙሉ ጥንብዝ ብሎ ሰክሮ የሚያድር፣ ከተማው የሚስቅበት ሰው ነው። ታዘበው አንድም ቃል ሳይነገረው ገባው። ውሃው ተባርኮ፣ ቄሱ ቸኩለው፣ ዘበኛው ቅርብ ነበር፤ ሕፃኑን ያቀፈው እሱ ነው።

ካሰች አየችውና ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተላት። ዓይኗ ደፍርሷል፤ ድምፅዋ ግን ለስላሳ ነበር።

«መኪና ተበላሽቶብዎት ነው፣ አይደል?»

«አይደለም።»

«ላም ታማ ገጠር ጠርተውዎት ነው። ለሰው እንደዚያ ብያለሁ።»

«ማንም አልጠራኝም።»

«እንግዲያው ሰው ሞቶብዎት…»

«ካሰች፣ ሸሽቼ ነው።» ባርኔጣው እጁ ላይ ነበር፤ ክፈፉን ያሽከረክረው ጀመር። «አላምንም። ትሕትና አይደለም። ከልጅነቴ ወዲህ ጸልዬ አላውቅም። ልጅሽን አቅፌ አምናለሁ ብል መዋሸት ነበር። ይኼን አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ካሰች እንዳልሰማ ሰው አየችው። ቀስ በቀስ ነው ፊቷ የተለወጠው።

«ወይራው ሥር ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እሰማ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዜማውን። ደስ ይለኛል።»

«ዜማውን» አለች። ወደ ቤቱ ዞራ፣ ሕፃኑ የተኛበትን መስኮት አየች። «ያን ሁለተኛውን የቀበርኩ ጊዜ ከዚያ አጥር ውስጥ ነበርኩ። መሬት ላይ ተደፍቼ። እርስዎን በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ፣ ከእኔ ጋር የሚለምን ሰው አለ ብዬ ተጽናንቼ ነበር።» አፏን በነጠላዋ ጠረገች። «ለካ እኛ ስንለምን እርስዎ ይሰሙ ነበር። እንደ ሬዲዮ።»

ታዘበው ባርኔጣውን ማሽከርከር አቆመ። ያቺን ሴት በዚያ ቀን አላያትም ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ለየኔታ እንዳይነግሩ» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው በእርስዎ ደስ ይላቸዋል። ያረጁ ሰው ናቸው። ይኼን ግን እርስዎ ተሸክመው ይኑሩ።» ወደ እንግዶቿ ስትመለስ ከግድግዳው ጥግ ቆም አለች። «ይግቡና ይቅመሱ፣ ዶክተር። ሰው ያያል።»

ዶክተር አለችው። ገብቶ ቀመሰ። ወልደ ሰንበት እየሳቀ ቦታ ለቀቀለት። ካሰች በአጠገባቸው ስታልፍ «አበልጄ፣ ይጨመርልዎት?» ስትል ታዘበው ቀና አለ፤ የምታነጋግረው ግን ወልደ ሰንበትን ነበር።

ልጁ አደገ። ወልደ ሰንበትም መጠጡን ባይተውም፣ በእሸት ወራት የሽምብራ ነዶ በጫንቃው ተሸክሞ እያመጣ፣ በየበዓሉ የክርስትና ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሲሄድ ይታይ ነበር። ታዘበው ደግሞ ወይራው ሥር መቆሙን ተወ። በሚቀጥለው ጾም ከመንገዱ ማዶ፣ ጎማ ጠጋኙ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። ማንም እንዳይሳሳት ባርኔጣውን አላወለቀም፤ ዜማው ቢታፈንበትም። ረፋዱ ላይ፣ ጾመኛ ሁሉ ባለበት መንገድ፣ ዳቦውን በሻይ እየነከረ በግላጭ በላ።

ከተማው ግን ምክንያቱን አዘጋጅቶለት ነበር። «ዶክተር ጨጓራውን ታሟል» ተባለ። «የንስሐ አባቱ ናቸው ብላ ያሉት። ለዚህ ነው ከወይራው እንኳ ራሱን ያራቀው። እንዴት ያለ ሰው ነው።» መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ማር ላኩለት። ማሩን መመለስም መብላትም አቅቶት መስኮቱ ላይ አኖረው፤ ጉንዳን ጨረሰው።

አራተኛው ጾም ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ካሰች ልጁን እጁን ይዛ ከገበያ ስትመለስ በአግዳሚው በኩል አለፈች። ከማዶ ዜማው እየወጣ ነበር፤ ታዘበው በምርጡ ቦታ ላይ ደርሶ፣ ሻዩን ዘንግቶ፣ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ልጁ ቆመ።

«እማዬ፣ ሰውዬው ተኝቷል?»

ታዘበው ዓይኑን ገለጠ። ካሰች በቀጥታ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ምሕረትም አልነበረም።

«አልተኙም» አለችው ለልጁ። «እየሰሙ ነው። ና፣ አትረብሻቸው።»

ልጁን ስባ ሄደች። በብቸና ከተማ፣ በአደባባይ፣ ስለ እሱ እውነቱ የተነገረው በዚያን ዕለት ብቻ ነው። ታዘበው የሁለቱን ጀርባ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኑ ሸኘ። ከማዶ መቋሚያዎቹ ዝቅ ብለው መሬቱን ሲነኩ፣ የሚወዳት ቃል አልቃ ሌላዋ ስትጀመር፣ አንዱንም አልሰማም።